ከአሰንዳቦ ወሬ እስከ ስልካችን፦ ጽንፈኛ ይዘትን የሚቆጣጠር ሕግ ማንን ይይዛል?

በ2003 ዓ.ም. የካቲት ወር ማብቂያ ላይ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው አሰንዳቦ፣ ቅዱስ ቁርኣን ተደፈረ የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ተሻገረ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካታ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ጥለው ሸሹ። በዚያን ጊዜ በዞኑ ገጠር የሚኖረው አብዛኛው ሰው ስማርት ስልክ አልነበረውም። ወሬው የተጓዘው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ነበር።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚሰራጭ ጽንፈኛ ይዘት ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህ ታሪክ ወደ አእምሮዬ ይመጣል፤ ጥላቻን ስልክ እንዳልፈጠረው ያስታውሰኛልና። ይሁን እንጂ ታሪኩን «ድሮም ነበር» ብሎ ነገሩን ለማቃለል መጠቀም ትልቅ ስሕተት ነው። የዚያን ዘመን ወሬ አሰንዳቦን ተሻግሮ ጅማ መርካቶ ለመድረስ የሚሸከመው ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ተሸካሚው ደግሞ ፊቱ የሚታወቅ፣ «አንተ ራስህ አይተሃል ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነበር። ዛሬ በመርካቶ በአንድ ስልክ መጠገኛ ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ ያልታወቀ ሰው በማይታወቅ ቦታ የቀረጸውን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሦስት የቴሌግራም ግሩፖች ሲልክ የሚጠይቀው የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አሁን ግን አፋፉ ላይ ቆሞ የሚቀበልና ወደ ሌላው አፋፍ የሚወረውር፣ በዚህም ትርፍ የሚያገኝ ማሽን ተተክሏል። ሕግ ሊይዘው የሚገባው ማንን ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ ማሽን ይጀምራል።

ማሽኑ የሚሠራበት መንገድ ከአሁን ወዲያ ምስጢር አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተጠቃሚው የሚያሳየውን ይዘት የሚመርጥበትን ቀመር ቀይሮ፣ አስተያየትና ምልልስ ለሚበዛበት ጽሑፍ ቅድሚያ መስጠት ጀመረ። ሐሳቡ ሰዎችን ከወዳጅ ዘመዶቻቸው ጋር ማቀራረብ ነው ተብሎ ነበር። ሆኖም ምልልስ የሚበዛው ቁጣና ስድብ ባለበት ስለሆነ፣ ቀመሩ ቁጣን ወደ ላይ አወጣ። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን የውስጥ ሰነዶችን ይዛ ከወጣች በኋላ፣ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር፣ ይህ አሠራር የሰው ሕይወት ያስከፈለባቸውን አገሮች ስትጠቅስ ማይንማርንና ኢትዮጵያን በስም አንሥታለች። ስለ ማይንማር ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 መድረኩ ለግጭት መቀስቀሻ እንዳይውል በቂ ሥራ እንዳልሠራ አምኗል። በእኛ ላይ የደረሰውን ግን እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት እየተከራከረበት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን «ጽንፈኛ» የምንለው ምንድን ነው? ጽንፍ ማለት ዳርቻ ነው፤ ጽንፈኛ ደግሞ ከመካከል ርቆ ዳር የቆመ። በዚህ ትርጉም ከሄድን ዳር መቆም ብቻውን ወንጀል ሊሆን አይችልም፤ ዛሬ ሁሉም የሚቀበለው ብዙ ሐሳብ ትናንት ዳር ቆሞ የነበረ ነውና። በአገራችን የፖለቲካ ንግግር ውስጥ ግን ቃሉ ከሐሳብ መለኪያነት ወጥቶ ተቀናቃኝን መሰየሚያ ሆኗል። አንዱ ሌላውን ጽንፈኛ ይላል፣ የተባለውም መልሶ ተናጋሪውን ጽንፈኛ ይለዋል፤ መንግሥትም ቃሉን በመግለጫዎቹ በሰፊው ይጠቀምበታል። እንዲህ ያለውን ቃል ወደ ሕግ አስገብቶ «ጽንፈኛ ይዘት ይወገድ» ብሎ መደንገግ፣ በትሩን በሥልጣን ላይ ላለው ለማንም አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

በሌላው ወገን ደግሞ ማንም የማይከራከርበት ነገር አለ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየውን ቪዲዮ ሲያሰራጭ፣ በአገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጇል። ያ ቪዲዮ የተቀረጸው እንዲታይ ነበር፤ መታየቱ ራሱ የድርጊቱ ዓላማ ነበር። ሐዘኑ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይል የሁሉም ነበር፤ ቪዲዮው ግን በየስልኩ ይዞር ነበር፤ ያጋሩት ሰዎችም አብዛኞቹ ሐዘናቸውን ሊገልጹ የፈለጉ ናቸው። እዚህ ላይ የጉዳዩ አስቸጋሪነት በግልጽ ይታያል፤ አንድ ዓይነት ምስል በገዳዩ እጅ ቅስቀሳ፣ በሐዘንተኛው እጅ ልቅሶ፣ በመርማሪው እጅ ደግሞ ማስረጃ ነው።

ይህን ለመለየት የሚረዳ መመዘኛ አለ። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በ20ኛው አንቀጹ ወደ መድሎ፣ ወደ ጠላትነት ወይም ወደ ጥቃት የሚያነሣሣ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮ ርዕሰ ከተማ የተጠናቀቀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ደግሞ አንድ ንግግር ከዚህ ደረጃ ደርሷል ለማለት ስድስት ነገሮች አብረው እንዲታዩ ይጠይቃል፤ የተነገረበት ሁኔታ፣ ተናጋሪው ማንነቱና ተሰሚነቱ፣ ሐሳቡና ፍላጎቱ፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የደረሰው ሕዝብ ብዛት፣ እንዲሁም ጉዳት የማስከተል ዕድሉና ቅርበቱ። በቡና ሰዓት ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ «እነዚህ ሰዎች ከዚህ ቢሄዱ ይሻላል» ያለ አባወራ ነውር ተናግሯል፤ ጎረቤቱ ሊቆጣው፣ ልጁም ሊያፍርበት ይገባል። ይኸው ዓረፍተ ነገር ግድያ በተፈጸመ ማግስት፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ባለው ሰው ላይቭ ሥርጭት፣ የሰፈር ስም ተጠርቶበት ሲነገር ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ቃላቱ አልተለወጡም፤ በዙሪያቸው ያለው ግን በሙሉ ተለውጧል። ቃል ብቻ የሚቆጥር ሕግም ሆነ ማሽን ይህን ልዩነት ሊያይ አይችልም።

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግርን በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግር አድርጎ ይተረጉመዋል። ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባ፣ ለኪነ ጥበብና ለሃይማኖታዊ ትምህርት የሚውለውን ለይቶ ያስቀራል። ጥፋተኛ የተባለ ሰው እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በንግግሩ የተነሣ በሰው ላይ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይሆናል። ድርጊቱ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነም እስራቱ እስከ 3 ዓመት ከፍ ይላል።

ይህ 5,000 የሚለው ቁጥር ሲወጣ ብዙ አነጋግሯል፤ እኔም አሁን ድረስ አልተስማማሁበትም። ተሰሚነትን መመዘን ትክክል ነው፤ ራባትም ይህንኑ ይላል። ነገር ግን ዛሬ የቲክቶክ ቪዲዮ የሚዛመተው በተከታይ ብዛት ሳይሆን በቀመሩ ምርጫ ነው፤ 300 ተከታይ ያላት ልጅ የለቀቀችው ቪዲዮ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሰው ዘንድ ሊደርስ ይችላል፤ 6,000 ተከታይ ያለው መምህር የጻፈውን ደግሞ 40 ሰው ብቻ ሊያየው ይችላል። ተከታይ የሚቆጠረው የሰውየው ነው፤ ይዘቱን ያዳረሰው ግን ኩባንያው ነው። አዋጁ የያዘው የመጀመሪያውን ነው።

በኩባንያዎቹ በኩል አንቀጽ 8ን ያነበበ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያያል። የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪዎች የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ እንዳይሰራጭ ጥረት ማድረግ እንዳለባቸው፣ ጥቆማ ከደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን ማንሣት እንዳለባቸው፣ ለዚህም ፖሊሲና አሠራር ሊኖራቸው እንደሚገባ ተደንግጓል። የብሮድካስት ባለሥልጣን፣ ማለትም የዛሬው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፣ ግዴታቸውን መወጣታቸውን የሚያሳይ ሪፖርት ለሕዝብ እንዲያወጣ ታዟል። ካልተወጡስ? ለግለሰቡ በዓመትና በብር የተቆጠረው ቅጣት ለኩባንያው አልተቆጠረም። ስለዚህ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ20 ዓመት ተማሪ በንዴት ለጻፈው ጽሑፍ እስር ይጠብቀዋል፤ ጽሑፉን ለግማሽ ከተማ አድርሶ ከጎኑ ማስታወቂያ የሸጠውን ድርጅት ግን የሚጠብቀው ሪፖርት ነው። ይህ ሚዛን ሊስተካከል ይገባል እላለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ መነሻም እርሱ ነው።

በግለሰብ ላይ የሚበረታ ሕግ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያየነው ነገር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ሽብርን ማበረታታትን በሰፊው ተርጉሞ ስለነበር ጋዜጠኞችና ጦማሪያን ታስረውበታል፤ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት የተፈረደበት በዚሁ ሕግ ነው፤ የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንም የተከሰሱት በእርሱ ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። ሕጉ ይለወጥ እንጂ ትዝታው አልጠፋም፤ ስለ ጽንፈኛ ይዘት ቁጥጥር ሲነሣ ብዙ ጸሐፊዎች ወዲያው የሚጠራጠሩት ከባዶ ተነሥተው አይደለም።

ኩባንያዎቹ ሲጠየቁ የሚሰጡት ዋና መልስ ብዙውን ይዘት ማሽን እየለየ ያነሣዋል የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ይህ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ማሽኑ የሚገጥመውን ችግር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። «ይገደል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ደ ላልቶ ሲነበብ ትእዛዝ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን «ይገደል ይሆን?» ብሎ ለሚሰጋ፣ «በዚያ ዘመን ሰው በከንቱ ይገደል ነበር» ብሎ ለሚተርክ ሰው ያገለግላል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ በጽሑፍ ሁሉም አንድ ናቸው። ከፊቱ አንዲት «አ» ስትጨመርበት ደግሞ «አይገደል» ይሆንና ትእዛዙ ልመና ይሆናል። «ጽንፈኛ» በጸሎቱ «ጸ»ም በፀሐዩ «ፀ»ም ይጻፋል፤ አንዱን ብቻ የተማረ ማጣሪያ ሌላውን ያሳልፈዋል።

የስድባችንና የዛቻችን ጠባይ ደግሞ ከዚህም ይረቃል። «ጸጉረ ልውጥ» የሚለው ሐረግ በመዝገበ ቃላት እንግዳ ሰው ማለት ነው፤ በጭንቀት ሳምንት «በሰፈራችን ጸጉረ ልውጥ ታይቷል» ሲባል ግን ሰው ያስደበድባል። «ከተማችንን እናጽዳ» የሚለው ጥሪ የአዌቱን ወንዝ ዳርቻ ከፌስታልና ከቆሻሻ ለማጽዳት የወጣ የወጣቶች ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው አፍ፣ ስለ ሰዎች የተነገረ ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያል፤ ወይ ሁለቱንም ይተዋል፣ ወይ የወንዙን ጽዳት ያነሣና ሌላውን ይተወዋል። ሰውን በአረም፣ በካንሰር፣ በጅብ መመሰል ለእኛ ምን እንደሆነ ለመረዳት የዚህን አገር ቅርብ ታሪክ ማወቅ ይጠይቃል። በጅማ ደግሞ ጉዳዩ ድርብ ነው፤ እዚህ የሚጻፍ አስተያየት ብዙ ጊዜ በአፋን ኦሮሞ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፤ አማርኛው ራሱ በላቲን ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ ዳውርኛና የምኛ ጣል ጣል ይደረግበታል። ይህን የሚያነብ ሰው ካልተቀጠረ በስተቀር የትኛውም ቀመር ብቻውን አይበቃም።

ከወራት በፊት በአንድ ቪዲዮ ሥር የተጻፈ፣ በከተማችን የሚኖሩ የአንድ ማኅበረሰብ አባላት ሱቅ በስም ተጠቅሶ «የት እንዳሉ እናውቃለን» የሚል አስተያየት አይቼ ሪፖርት አድርጌ ነበር። ከቀናት በኋላ የደረሰኝ መልስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን አስተያየቱ የመድረኩን ደንብ አልጣሰም ይላል። ቃል በቃል ከታየ እውነት ነው፤ «የት እንዳሉ እናውቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስድብም ዛቻም የለም። ያን ሳምንት እዚህ ለነበረ ሰው ግን ሌላ ምንም ትርጉም አልነበረውም።

ሰው ሲያየውም ቢሆን ውሳኔው ቀላል እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በራያ ቆቦ ግፍ ተፈጽሟል፣ በግፉም ሲቪል የትግራይ ተወላጆች ተባብረዋል የሚል በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ በፌስቡክ ወጣ። የኩባንያው የአማርኛ መለያ ሥርዓት ጠቆመው፣ ሠራተኛ አይቶ አነሣው፣ ጸሐፊው ይግባኝ አለ፣ ሌላ ሠራተኛ ውሳኔውን አጸና፤ ከዚያ ኩባንያው ራሱ ተሳስቻለሁ ብሎ ጽሑፉን መለሰው፤ በመጨረሻም የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ያቋቋመው፣ ውሳኔው ግን ኩባንያውን የሚያስገድደው የቁጥጥር ቦርድ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ መነሣቱ ትክክል ነበር ብሎ ወሰነ። ያልተረጋገጠ ወሬ በጦርነት መካከል ሕዝብን ከሕዝብ ሊያጋጭ ይችላል የሚለው የቦርዱ ምክንያት አሳማኝ ነው። አንዲት ጽሑፍ ይህን ሁሉ ስትመላለስ ወራት አልፈዋል፤ ጦርነቱ ግን ቆሞ አልጠበቃትም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ኩባንያው የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ጽሑፍ ጥቃትን ያነሣሣል ብሎ ማንሣቱም አይዘነጋም፤ ደንቡ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፤ ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

እኩል እንዳልሠራ የሚሟገቱት ጉዳያቸውን ናይሮቢ ወስደውታል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አባት፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹን ለኩባንያው ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን፣ ምላሹ ግን አባቱ ከሞቱ በኋላ መምጣቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌላ ኢትዮጵያዊ የሰብዓዊ መብት ተሟጋችና ከአንድ የኬንያ የሕግ ተቋም ጋር ሆኖ በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ለጥላቻ ተጎጂዎች 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የካሣ ፈንድ እንዲቋቋም ነው። ለምን ኬንያ? የአካባቢያችንን ቋንቋዎች ይዘት የሚያዩት ሠራተኞች በናይሮቢ በአንድ ተቋራጭ ድርጅት ሥር ይሠሩ ስለነበር ነው። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ስለ አባቱ ሞት ለመጠየቅ ጎረቤት አገር መሄዱ፣ አንቀጽ 8 የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ከማንኛውም የሕግ ትንታኔ በላይ ይነግረናል።

ሌሎች አገሮች የሄዱበትን መንገድ በአጭሩ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች 51 ሙስሊሞችን በመስጊዶቻቸው የገደለው ሰው ድርጊቱን በፌስቡክ ላይቭ ሲያስተላልፍ፣ ሥርጭቱን በቀጥታ የተመለከተው ሰው ከ200 አይበልጥም ነበር፤ የመጀመሪያው የተጠቃሚ ጥቆማ የደረሰው ቪዲዮው ከተጀመረ ከ29 ደቂቃ በኋላ ነው። በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት ግን ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን ማንሣት ነበረበት። ከዚህ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት የሽብር ይዘት በባለሥልጣን ትእዛዝ በ1 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ አስገደደ፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይሠራል። ጀርመን ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2017 በግልጽ ሕገ ወጥ ለሆነ ይዘት 24 ሰዓት ሰጥታ፣ አሠራር ያልዘረጋ ኩባንያ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ እንዲቀጣ ደነገገች። ፈረንሳይ ተመሳሳይ ሕግ ብታወጣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋና ዋና ድንጋጌዎቹን ሻረባት፤ ኩባንያ ቅጣት ፈርቶ ሕጋዊውንም ንግግር ያጠፋል የሚል ሥጋት ነበረው።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይመስለኛል። ይህ ሕግ አንድን ጽሑፍ እየመዘዘ አይከራከርም፤ በኅብረቱ ውስጥ ከ45 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸውን መድረኮች በአሠራራቸው የሚያስከትሉትን አደጋ ራሳቸው እንዲመዝኑ፣ በውጭ ኦዲተር እንዲፈተሹ፣ ይዘት ሲያነሡ ምክንያቱን ለባለቤቱ እንዲገልጹ፣ ይግባኝ እንዲሰሙ ያስገድዳል፤ እምቢ ካሉ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ሊቀጡ ይችላሉ። ጥያቄው «ይህ ዓረፍተ ነገር ይነሣ አይነሣ» ከሚለው ወደ «ማሽንህ ምን ያደርጋል፣ ማን ይጠብቀዋል» ወደሚለው ተሻግሯል። የኩባንያዎችን በጎ ፈቃድ ብቻ መጠበቅ እንደማያዋጣ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ታይቷል፤ ሜታ በአሜሪካ የመረጃ አጣሪዎችን ፕሮግራም እንደሚያቆምና የጥላቻ ንግግር ደንቡን እንደሚያላላ በአንድ ቀን መግለጫ አሳወቀ።

በአገራችን በተግባር የተለመደው ቁጥጥር ግን ሌላ ነው፤ ኢንተርኔትን መዝጋት። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው ውዝግብ ወቅት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆዩ። በእነዚያ ቀናት እዚህ ጅማ የቡና ነጋዴው ዋጋ ለመጠየቅ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጥናቱን ለመላክ፣ እናት በዓረብ አገር ያለች ልጇን ድምፅ ለመስማት ተቸግረዋል። በ2015ቱ እገዳ ወጣቱ በቪፒኤን ሲሻገር፣ የቀረው ሰው በወሬ ላይ ቀረ።

ይህን ጉዳት ብዙዎች ይናገራሉ፤ ያነሰ የሚነገረው ሌላው ነው። መስመር ሲዘጋ ወሬ አይዘጋም፤ ወደ አሰንዳቦው መንገድ ይመለሳል፤ ያውም ያኔ ያልነበረ ፍርሃት ተጨምሮበት። «የዘጉት የሆነ ነገር ስላለ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ራሱ ሌላ ወሬ ይወልዳል። ተቃጠለ የተባለው ቤተ እምነት አለመቃጠሉን በፎቶ ማሳየት የሚችለው የአጥቢያው ሰው ድምፁ አብሮ ይዘጋል። የሃይማኖት አባቶችና ሽማግሌዎች በጋራ ቆመው የሚያሰሙት ጥሪ ከአንድ ግቢ አይወጣም። በዚህች ከተማ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ዕድሩ የጋራ ነው፤ አንድ ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደወለው ለዕድር ዳኛ ወይም ለሼኽ ነው። እነዚህ ሰዎች በሰላሙ ቀን የሠሩትን መተማመን በክፉው ቀን እንዳይጠቀሙበት አፋቸውን መዝጋት ከየትኛውም ጽንፈኛ ቪዲዮ ያልተናነሰ ጉዳት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለኢትዮጵያ ብቻዋን ኩባንያዎቹን ማስገደድ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ገበያዋ ለእነርሱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የቅጣቱ ጉዳይ በአፍሪካ ኅብረት ደረጃ፣ ከኬንያና ከናይጄሪያ ጋር በጋራ ሊያዝ የሚገባው ነው። በአገር ውስጥ ግን ዛሬውኑ የሚቻል ነገር አለ። አዋጁ ሲሻሻል የተከታይ ቁጥር ወጥቶ የራባት መመዘኛዎች ይግቡ፤ ቀላሉ ጉዳይ ከእስር ይልቅ በእርምትና በማኅበረሰብ አገልግሎት ይታይ፤ እስር ለጥቃት በቀጥታ ለቀሰቀሰው ይቅር። ይዘት እንዲነሣ የሚያዘው አካል ከአስፈጻሚው የተለየ ይሁን፤ ትእዛዙም በጽሑፍና ይግባኝ የሚባልበት ይሁን። ሃያ አራት ሰዓቱም ቢሆን ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም፤ የሰፈርና የሰው ስም ጠርቶ ለሚዝት ላይቭ ሥርጭት እጅግ ረጅም፣ አከራካሪ ለሆነ የታሪክ ጽሑፍ ደግሞ እጅግ አጭር ነው።

ለዚህ ሁሉ ሕግ እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልግም። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በአንቀጽ 8 መሠረት በሚያወጣው ሪፖርት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኩባንያ ጥቂት ጥያቄዎችን ጽፎ፣ መልሱን ወይም ዝምታውን ለሕዝብ ማተም ይችላል። አማርኛ የሚያነቡ ስንት ሠራተኞች አሏችሁ? አፋን ኦሮሞ የሚያነቡትስ? ትግርኛና ሶማሊኛስ? ከነዚህ ውስጥ ሌሊት ተረኛ የሆኑት ስንት ናቸው? ከኢትዮጵያ የተላከ ሪፖርት ሰው ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል፣ መልሱስ በየትኛው ቋንቋ ይጻፋል?